የሐሰተኛ ባንክ ገጽ አነባበብ

«ሒሳብዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ስለሚዘጋ ከዚህ በታች ያለውን መስመር ተጭነው ማንነትዎን ያረጋግጡ» የሚል ደብዳቤ በኢሜይል የደረሰው ሰው ብዙውን ጊዜ ከማሰብ ይልቅ መቸኮል ይቀናዋል። ደብዳቤው የባንኩን ዓርማ ይዟል፤ መስመሩን ሲጫኑት የሚከፈተውም ገጽ በቀለምም ሆነ በፊደል ቅርጽ ከባንኩ ገጽ አይለይም። ዳሩ ግን ደንበኛው በዚያ ገጽ ላይ የሚጽፈው የምስጢር ቃል የሚደርሰው ለሌባው ነው። ይህ ዓይነቱ ማታለል «ፊሺንግ» ይባላል፤ ስሙም ዓሣን በመንጠቆ ከማጥመድ የተወሰደ ነው።

ዓርማና ቀለም ማንም ሊገለብጣቸው ይችላል። ሌባው የራሱ ሊያደርገው የማይችለው የባንኩን ትክክለኛ አድራሻ ነው፤ ስለዚህ አድራሻን ማንበብ ማወቅ ከሁሉ ይቀድማል። ለዚህም የእኛ የስም አጻጻፍ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። «ከበደ ተሰማ» ስንል የልጁ ስም ይቀድማል፤ ከበደ የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚነግረን ግን የኋለኛው ስም ነው። በገጽ አድራሻም ባለቤቱ የሚታወቀው በፊተኛው ቃል ሳይሆን፣ ከስሙ ቀጥሎ ከሚመጣው እዝባር በፊት፣ በመጨረሻ ላይ በሚገኙት ሁለት፣ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ቃላት ነው። እንግዲህ «ባንክ ነጥብ ማረጋገጫ ነጥብ ኮም» ተብሎ የተጻፈ አድራሻ የ«ማረጋገጫ» ልጅ ነው እንጂ ከባንኩ ጋር ዝምድና የለውም።

የፊደላትም ጉዳይ አለ። በአማርኛ «ሰ» እና «ሠ» ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ይለያያል። አታላዮች የሚገለገሉት በዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከላቲንና ከሲሪሊክ ፊደላት አንዳንዶቹ ለዓይን አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ተመራማሪ በሲሪሊክ ፊደላት ብቻ የተጻፈ አድራሻ በክሮምና በፋየርፎክስ ላይ ከአፕል ኩባንያ አድራሻ ሳይለይ እንደሚታይ አሳይቷል። ማሰሻዎቹ ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄያቸውን ቢያጠብቁም፣ በደብዳቤ የመጣን መስመር ከመጫን ይልቅ የባንኩን አድራሻ በራስ እጅ መጻፍ ይሻላል።

ብዙ ሰዎች በአድራሻው አጠገብ የሚታየውን የቁልፍ ምልክት ያምናሉ። ምልክቱ የሚያረጋግጠው መልእክቱ በመንገድ ላይ እንደማይነበብ ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ታማኝ መሆኑን አይመሰክርም። ሌባም የምስክር ወረቀቱን ያለ ክፍያ ሊያወጣ ይችላል። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 ምልክቱን በሌላ የተካውም ሰዎች ትርጉሙን በመሳታቸው ነው።

ቀድሞ ሐሰተኛ ደብዳቤ በሰዋስው ግድፈቱ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒዩተር ያለ እንከን ስለሚጽፍ የቋንቋ ጥራት ምስክር መሆኑ ቀርቷል፤ ይህም ለሰዋስው መምህር ደስ የሚያሰኝ ዜና አይደለም።

በስልክ የሚላከው የአንድ ጊዜ ቁጥርም ቢሆን ሙሉ መከታ አይሆንም። ደንበኛው ቁጥሩን በሐሰተኛው ገጽ ላይ እንደ ጻፈው ሌባው በዚያችው ደቂቃ ወደ እውነተኛው ባንክ ሊያስገባው ይችላል። ይህ የደረሰበት ሰው ገንዘቡ ወደ ሌላ ሒሳብ ከመተላለፉ በፊት፣ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ሳይሆን በሒሳብ ደብተሩ ወይም በካርዱ ላይ በታተመው ስልክ ወዲያውኑ ለባንኩ ማስታወቅ ይኖርበታል።