ታኮው ከፍ ያለ ጫማ ለወንድ፤ አደራረጉ፥ አረማመዱና አያያዙ



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው ቀልድ መስሎ ይታየው ይሆናል። ይኸውም ታኮው ከፍ ያለ ጫማ ለወንድ ይገባዋልን? ቢገባውስ እንዴት ሊያደርገው፥ እንዴት ሊራመድበትና እንዴት ሊይዘው ይገባል? የሚለው ነው። ንግግሩ ይልቁንም የሚመለከተው በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው በምዕራብ ጎጃም ገጠር ተመድቦ የሚሠራውን፥ ጧት ከጽሕፈት ቤቱ ገብቶ ከቀትር በኋላ ወደ ቀበሌ የሚወርደውን የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ወደ ፎቅ የሚወጣ የከተማ ሰው ስለ ጫማው ብዙ ባያስብ አይፈረድበትም። በጃቢ ጠህናን ቀይ ጭቃ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ግን የጫማው ነገር የጤናው ነገር ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ታኮ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወሰደ ነው። ቃሉ ከውጭ በመምጣቱ፥ ደግሞም ዛሬ ከፍ ያለውን ታኮ የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች በመሆናቸው፥ ብዙ ሰው ነገሩን ከመጀመሪያው የሴት ጌጥ ነበር ብሎ ይገምታል። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከፍ ያለ ታኮ ካደረጉት ቀደምት ሰዎች መካከል በሰፊው የሚታወቀው ወንድ፥ ያውም ፈረሰኛ ወታደር ነበረ። የፋርስ ፈረሰኛ በጋላቢ ፈረስ ላይ ሆኖ ፍላጻ በሚወረውርበት ጊዜ በእርካቡ ላይ ብድግ ብሎ ስለሚቆም፥ እግሩ ከእርካቡ አልፎ እንዳይንሸራተት ጫማውን ከኋላው ከፍ አድርጎ ያሠራ ነበር። ታኮው እንደ መቆለፊያ ሆኖ እርካቡን ይይዛል ማለት ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1599 ዓመት የፋርስ ንጉሥ ቀዳማዊ ሻህ አባስ መልእክተኞቹን ወደ አውሮፓ ነገሥታት ላከ። በዚያው ዘመን የፋርስ ነገር በአውሮፓ መኳንንት ዘንድ እጅግ የተወደደ ስለ ነበረ፥ ጫማቸውም አብሮ ተወደደ። ሴቶች ታኮውን ያደረጉት በኋላ፥ የወንዶችን አለባበስ ተከትለው ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ታኮው ቀይ የሆነ ጫማ በማድረግ የታወቀ ነበር፤ ሠዓሊው ሪጎ በ1701 በሣለው ትልቅ ሥዕል ላይ ንጉሡ ከነቀይ ታኮው ቆሞ ይታያል። በቤተ መንግሥቱ ቀይ ታኮ የሹመትና የባለሟልነት ምልክት ሆኖ ነበር። እንግዲህ ዛሬ «ይህ የሴት ጫማ ነው» ብሎ የሚስቅ ሰው ቢኖር፥ ሳቁ ከ300 ዓመት ያልበለጠ ዕድሜ ያለው ሳቅ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የአውሮፓ ወንዶች ጌጠኛ ልብስን እየተዉ ሲሄዱ ታኮውንም ዝቅ አደረጉት፤ የቀረው ለፈረስ ግልቢያ በሚደረገው ቦት ጫማ ላይ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በፈረሰኝነት ስሙ የገነነ አገር ሆኖ ሳለ፥ ታኮ በኛ ዘንድ ስለምን አልተፈጠረም? መልሱ በእግራችን ጣት ላይ ይገኛል። የኢትዮጵያ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ይጋልብ ስለ ነበረ፥ እርካቡ እግር ሙሉ የሚገባበት ሳይሆን አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ ቀለበት ነበር። ፈረሰኛው ቀለበቱን በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣቱ መካከል ቆንጥጦ ይይዘዋል። ፋርሱ በጫማው ታኮ ያደረገውን፥ የኛ ሰው በጣቱ አደረገው። ከቡሬ እልፍ ሲሉ በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል የተመለከተ ሰው፥ የዚህ የግልቢያ ሙያ ክብር ምን ያህል እንደ ሆነ አይጠፋውም። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ በዓሉም በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማስታወስ ነው።

ጫማ በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የቆየ ልማድ ባለመሆኑ፥ ለእግራችን የሚስማማውን መምረጥም ገና ያልተለመደ ሙያ ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጫማ የሚባል ነገር ጠፍቶ አልነበረም፤ የቀረበለት ጫማ ለእግሩ አልስማማ ብሎት ነው። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ግን የተስማማውን አድርጎ ሮጦ ደግሞ አሸነፈ። እኛስ? በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሱሪው ከታች የሰፋ፥ ሶሉና ታኮው እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ በመጣ ጊዜ፥ ጎረምሳው ሁሉ ልኩን ሳይጠይቅ ቁመቱን ብቻ እየጠየቀ ይገዛ ነበር። የዚያ ዘመን ሰዎች ዛሬ በዕድሜ ስለ ገፉ፥ ስለ ቁርጭምጭሚታቸው መጠየቅ ከነሱ ነው።

አሁን ወደ አደራረጉ እንመለስ። የተለመደው የወንድ ጫማ ታኮ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የግልቢያ ቦት ጫማ 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ከዚህ በላይ ያለውን ማድረግ የፈለገ ወንድ ቢኖር መብቱ ነው፤ ቁመቱን ለማስረዘም ይሁን ወይም አረማመዱ ስለሚያምርለት፥ ምክንያቱን ለማንም መንገር አይገደድም። ማወቅ የሚገባው ግን ታኮው ከፍ በሚልበት መጠን የሰውነቱ ክብደት ከተረከዙ እየለቀቀ ወደ ፊተኛው እግሩ መሄዱን ነው። ጣቶቹ ይጨነቃሉ፤ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል፤ ወገቡም ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት፥ 5 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ታኮ ለዓመታት ያዘወተሩ ሴቶች የባታቸው ጡንቻ ክር አጥሮ፥ የተረከዛቸውም ጅማት ወፍሮና ገትሮ መገኘቱን አስረድቷል። ታኮውን በሚያወልቁበት ጊዜ የሚሰማቸው ሕመም ከዚህ የተነሣ ነው። የወንድ ባት ደግሞ ከሌላ ሥጋ የተሠራ አይደለም።

ስለዚህ ጫማውን ሲገዙ ከቀትር በኋላ ይግዙ፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምበት ስለሚያብጥ ጧት የተስማማው ማታ ይጨንቃል። ሁለቱንም እግር ይለኩ፤ አንደኛው ከሁለተኛው ጥቂት የሚበልጥበት ሰው ብዙ ነው፥ የሚገዛውም በትልቁ ልክ ነው። ታኮው ከፍ ባለ ጫማ ውስጥ እግር ወደ ፊት ስለሚንሸራተት፥ ማሰሪያ ያለው ወይም ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ ጫማ ከሌላው ይሻላል። ታኮው ሰፊ ይሁን። ቀጭን ታኮ የከባድ ሰው ክብደት ሲያርፍበት ይወላገዳል፥ ከተወላገደም ቁርጭምጭሚትን ይዞ ነው የሚወላገደው።

አረማመዱን በተመለከተ፥ በመጀመሪያው ቀን ጫማውን አድርገው ወደ ሥራ አይሂዱ። በቤትዎ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ፥ በማግሥቱ ትንሽ ጨምረው ይለማመዱ። እርምጃዎን ያሳጥሩ። ተረከዝዎ አስቀድሞ፥ ጣትዎ ተከትሎ ይረፍ፤ ሁለቱን በአንድነት እንደ ሠንጋ ኮቴ መሬት መምታት አያምርም፥ ጉልበትም ይጎዳል። ዐይንዎ ከጫማዎ ጫፍ ላይ ሳይሆን ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ይመልከት። ደረጃ ሲወርዱ ድጋፉን ይያዙ፤ በዚህ ማፈር አይገባም። ማታ ጫማውን ካወለቁ በኋላ በግድግዳ ላይ ሁለት እጅዎን አሳርፈው፥ አንዱን እግር ወደ ኋላ ዘርግተው ተረከዙን ከመሬት ሳያነሡ ባትዎን ይሳቡት።

ይህ ሁሉ ግን ለአስፋልትና ለሲሚንቶ ወለል ነው። በሰኔ ወር ከቡሬ ወጣ ብሎ ወደ ገጠር የሚሄድ ሰው ታኮውን በቢሮ ትቶ ይሂድ። ቀጭኑ ታኮ በጭቃው ውስጥ እንደ ችካል ይተከላል፤ ሰፊው ደግሞ ጭቃውን ተሸክሞ ይነሣና በእያንዳንዱ እርምጃ ሌላ ታኮ ይጨምርልዎታል። ቁልቁለት ሲወርዱ ጣቶችዎ በጫማው አፍንጫ እየተጋጩ ጥፍርዎ ይጠቁራል። ለዚህ ጊዜ የጎማ ቦት ጫማ ከወፍራም ካልሲ ጋር ይበቃል። ታኮ በገጠር እንጀራውን የሚያገኝበት ሥፍራ አንድ ብቻ ነው፤ በፈረስ ወይም በበቅሎ የሚሄድ ሰው እግር ሙሉ በሚገባበት የብረት እርካብ ሲጠቀም። እዚያ ላይ 4 ሳንቲሜትር ያህል ታኮ ያለው ቦት ጫማ እግር ከእርካቡ እንዳያልፍ፥ ፈረሱም ቢደነብር ሰውየው እንዳይጎተት ይረዳዋል።

አያያዙ ብዙ ትምህርት አይፈልግም፥ ትዕግሥት እንጂ። ጭቃ የነካውን ጫማ እርጥብ ሳለ አይፈትጉት፤ ሲደርቅ በብሩሽ ያራግፉት፥ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱት። ከምድጃ አጠገብ ወይም ከፀሐይ ላይ አያድርቁት፥ ቆዳው ይሰነጠቃልና። ይህን ጋዜጣ አንብበው ሲጨርሱ ጨምድደው በጫማው ውስጥ ቢከቱት እርጥበቱን ይመጥልዎታል። ቀለም የሚቀባው ጫማው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ሊስትሮው ቢቸኩልብዎት እንኳ አይፍቀዱለት። ሁለት ጫማ ያለው ሰው በየተራ ቢያደርጋቸው ዕድሜያቸው ይረዝማል። የታኮው ጫፍ በአንድ ወገን ሲበላ ቶሎ ወደ ጫማ ሰፊ ይውሰዱት፤ የተበላ ታኮ እግርን በየቀኑ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፥ ዋጋውም ከወጌሻ ዋጋ ያንሳል።

እስካሁን የተናገርነው ጫማ ስላለው ሰው ነው። ነገር ግን በምዕራብ ጎጃም ስለ ጫማ ተናግሮ ስለ ዝሆኔ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። በደጋውና በወይና ደጋው የሚታየው ይህ የእግር እብጠት እርግማን አይደለም፥ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በቆላ አገር በወባ ትንኝ አማካይነት ከሚመጣው ዝሆኔም የተለየ ነው። መነሻው አፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር፥ ብዙ ዝናብ በሚዘንብበት ከፍተኛ ቦታ፥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ የማዕድን ቅንጣቶችን ይይዛል። በባዶ እግር ለዓመታት በሚሄድ ሰው እነዚህ ቅንጣቶች በቆዳው አልፈው ይገባሉ፤ ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን የሊምፍ ቧንቧዎች ይቈጣሉ፥ በመጨረሻም ይዘጋሉ። እግሩም ከታች ወደ ላይ ያብጣል። ለበሽታው «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚል ስም ያወጣለት በአገራችን ለብዙ ጊዜ የሠራው እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፥ በአንድ መሬት ላይ ባዶ እግራቸውን ከሚሄዱት አንዱን የሚይዘው፥ ሌላውን የሚተወው በትውልድ የሚወረስ ተጋላጭነት ስላለ መሆኑን አሳይቷል። በአንድ ቤተሰብ ተደጋግሞ መታየቱና ሕዝቡ የዘር ነገር ነው እያለ ጋብቻ መከልከሉ ከዚህ ይመነጫል። ተጋላጭነቱ ይወረሳል፤ ጫማ ያደረገ ሰው ግን አይታመምም።

በአገራችን የታማሚዎቹ ቍጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። በዚያው በ2012 በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ስለ ተደረገ ጥናት የታተመው ጽሑፍ፥ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ከ100ው ከ3 የሚበልጡት በሽታው እንዳለባቸው አመልክቷል። ይህ ማለት ከፍኖተ ሰላም ጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ተሰልፈው ከሚጠብቁት ባለጉዳዮች መካከል እግሩን በጋቢው ሸፍኖ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ያለ ምክንያት አልተሸፈነም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አስቀድመው ቢያስተናግዱት፥ ዐይንዎንም ከእግሩ ላይ ቢያነሡለት ደንብ አይፈርስም።

ሕክምናው ከባድ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ ለ1 ዓመት ተደርጎ በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ሙከራ፥ እግርን በሳሙና ማጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ በመጠቅለያ ጨርቅ መጠቅለልና ካልሲና ጫማ ማድረግ፥ ታማሚውን በትኩሳትና በጽኑ ሕመም ከአልጋ የሚጥለውን ግርሻ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። መታጠቢያው ውኃ ጥቂት በረኪና ይጨመርበታል፤ መጠኑን የጤና ባለሙያ ይነግራል። ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መካከል አድርቆ ቫዝሊን መቀባት ነው።

ችግሩ ጫማው ላይ ነው። ያበጠ እግር በገበያ ያለ ልክ አይገባበትም፤ የኮንጎ ጫማም ጎኑ ክፍት ስለ ሆነ አፈሩን ያስገባል። ስለዚህ አንድ ሰው በመንደሩ ያለውን ታማሚ መርዳት ቢፈልግ ወደ ጫማ ሰፊ ይዞት ይሂድ። ልኬቱ የሚወሰደው እብጠቱ ከፍ በሚልበት በማታ፥ ካልሲውን እንዳደረገ ነው። ጫማው ከላይ እስከ ጣቱ ድረስ የሚከፈት፥ በማሰሪያ የሚጠብና የሚሰፋ፥ ውስጡ ስፌት የማይቈረቍር ይሁን። ሶሉ ወፍራም፥ ታኮው ከ2 ሳንቲሜትር የማይበልጥና ሰፊ ይሁን። እብጠቱ በሕክምናው ሲቀንስ ጫማው ስለሚሰፋ፥ ከጥቂት ወራት በኋላ ልኬቱን እንደ ገና ማስወሰድ ያስፈልጋል።