ከሜዳ ወደ ጽሕፈት ቤት፤ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የስፖርት ሥራ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፥ የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው በፈረሱና በጋላቢው ላይ ነው። ተራ የሚያስይዘውንና ደንብ የሚያስጠብቀውን ሰው የሚያስተውል ጥቂት ነው። በስፖርትም ዓለም ነገሩ እንደዚሁ ስለ ሆነ፥ ሜዳውንም ጽሕፈት ቤቱንም ስላወቁት ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥምና በዘፈን የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተምረው፥ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ከ20 ዓመት በላይ ተጫወቱ። በአሠልጣኝነታቸው ከሁሉ የሚታወሰው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው የአፍሪቃ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ እኩል ከሆነ በኋላ፥ በተጨማሪው ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር።

ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት ትልቁ ሥራቸው ተመልካች በሌለበት በስብሰባ አዳራሽ የተሠራው ነው። በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ 16 ቦታዎች ሲደለደሉ፥ ለአፍሪቃ፥ ለእስያና ለኦሺያንያ በአንድነት የተሰጠው 1 ቦታ ብቻ ነበር። የአፍሪቃ አሸናፊ እንኳ ከሌሎቹ ጋር ገና መጋጠም ነበረበት። አቶ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ክፍፍሉን ተቃወሙ፤ የአፍሪቃ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። ፊፋ የገንዘብ ቅጣት ጣለባቸው።

ይህ ውሳኔ ዋጋ አስከፍሏል። የዚያ ዘመን የአፍሪቃ ተጫዋቾች ጕልበታቸው በበረታበት ሰዓት አገራቸው ተቀመጡ፤ ተጫዋች የነበረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። ጥቅሙን ያገኙት ተከታዮቹ ናቸው። ለ1962 ዓ.ም. ውድድር አፍሪቃ የራሷን 1 ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሜክሲኮ ሄዳ ተጫወተች።

ሁለተኛው ጉዳይ የደቡብ አፍሪቃ ነው። የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲቋቋም ደቡብ አፍሪቃ ከኢትዮጵያ፥ ከግብፅና ከሱዳን ጋር መሥራች ነበረች። ነገር ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልክም ስላለች ከመጀመሪያው ዋንጫ ታገደች። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው በዚህ ነገር አንድም ቀን አልለዘቡም። የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ስለ ነበሩ ክርክሩን ከእግር ኳስ ውጭ ወዳሉት ስፖርቶችም አደረሱት። ፊፋ ደቡብ አፍሪቃን በ1968 ዓ.ም. ፈጽሞ አስወጣት።

አቶ ይድነቃቸው በነሐሴ 1979 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ ዐረፉ። ደቡብ አፍሪቃ የዘር ልዩነት ሕጓን ሽራ ወደ ማኅበሩ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፥ በ1988 ዓ.ም. ዋንጫውን ጆሃንስበርግ ላይ ነጭና ጥቁር በተቀላቀለበት ቡድን ወሰደች።