ሜልቦርን ላይ የሰሜን ኮከብ አይወጣም

ሜልቦርን ውስጥ የሥነ ፈለክ መግቢያ ኮርስ የሚጀምር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ገና ከጠዋቱ ከመጽሐፉ ጋር ሊጋጭ ይችላል። አብዛኞቹ የመግቢያ መጻሕፍት የተጻፉት በአሜሪካና በአውሮፓ ነው፤ ስለዚህ የሰሜን ኮከብን ፈልጉ ይላሉ። በዚያ ከተማ ይህ ኮከብ ከአድማስ በታች እንደተቀበረ ይኖራል እንጂ አይወጣም።

ምክንያቱ ኬክሮስ ነው። ምድር የምትሽከረከርበት ዘንግ ወደ ሰማይ ቢዘረጋ የሚያመለክተው ነጥብ የሰማይ ዋልታ ይባላል፤ ይህ ነጥብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ሁልጊዜ ከተመልካቹ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በሰሜኑ ዋልታ አጠገብ ያለው የሰሜን ኮከብ ከእንጦጦ በስተጀርባ 9 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ክንድ ሲዘረጋ ጡጫ 10 ዲግሪ ገደማ ስለሚሸፍን፣ ከፍታው አንድ ጡጫ አይሞላም ማለት ነው። ሜልቦርን ደግሞ በስተደቡብ 38 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። እዚያ የሚታየው የደቡቡ ዋልታ ነው፤ ወደ አራት ጡጫ ከፍታ።

ችግሩ በደቡቡ ዋልታ አጠገብ ደማቅ ኮከብ አለመኖሩ ነው። የቅርቡ ሲግማ ኦክታንቲስ በጣም ደብዛዛ ስለሆነ የከተማ መብራት ይውጠዋል። ስለዚህ ተማሪው በደቡብ መስቀል ይለካል፦ የመስቀሉን ረጅም ዘንግ ከአናቱ ወደ እግሩ ይዞ በዚያው አቅጣጫ አራት ጊዜ ተኩል ያህል ያስረዝማል። የደረሰበት ባዶ ቦታ ዋልታው ነው፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ አድማስ ሲወርድ ደቡብን ያገኛል። ይህን አንድ ምሽት በገዛ ዓይን መሥራት፣ በእኔ እምነት፣ ከብዙ ሥዕላዊ መግለጫ ይበልጣል።

ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብም ይገለበጣል። አዲስ አበባ ላይ ከአናት በላይ ሊባል በሚችል ከፍታ ያልፋል፤ ሜልቦርን ላይ ግን ወደ ሰሜን ዞረው ሲያዩት ቀዩ ቤተልጉዝ ከታች፣ ነጭ-ሰማያዊው ራይጀል ከላይ ነው። የቀትር ፀሐይም ዓመቱን ሙሉ በሰሜን በኩል ናት። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ብቻ ነው። የምድር ዘንግ በ23.4 ዲግሪ ማዘንበሉም ሜልቦርን ላይ አፍጥጦ ይታያል፤ በታኅሣሥ ቀኑ ወደ 14 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይረዝማል፣ በሰኔ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ያጥራል። በእኛ አገር ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም።

የደቡቡ ሰማይ ሜልቦርንን ቀድሞም ወደ ሥነ ፈለክ ስቧታል። ከደብሊን የመጣ፣ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው የብረት መስታወት የተገጠመለት ታላቁ የሜልቦርን ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1869 እዚያ የተተከለው፣ ከአውሮፓ የማይታዩትን ኔቡላዎች ለመከታተል ነበር። ከዚያ በፊትም በሰሜን ምዕራብ ቪክቶሪያ የሚኖሩት የቡሮንግ ሕዝቦች የሰማይ እውቀት ነበራቸው፤ ዊሊያም ስታንብሪጅ በ1857 የመዘገበው ይኸው ነው። በ1840ዎቹ በድንገት ደምቃ የነበረችው ኤታ ካሪኔ የተባለች ኮከብም እሱ በመዘገባቸው ውስጥ እንዳለች የዘመናችን ተመራማሪዎች ጽፈዋል።

ከአዲስ አበባ የሄደ ተማሪ ግን ያልጠበቀው ብልጫ አለው። ከሜልቦርን የሰማይ ሰሜናዊ ክፍል በሰፊው ይደበቃል፤ ከአዲስ አበባ ግን በዓመት ውስጥ የማይታየው በደቡቡ ዋልታ ዙሪያ ያለው ጠባብ ክብ ብቻ ነው። በግንቦት አጋማሽ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ያየ ሰው የደቡብ መስቀልን 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ያገኘዋል፤ ዞር ሲል የሰሜን ኮከብ በሌላው አድማስ አለ። ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ማየት ይችላል።