ያረጀው ክሩ ነው፦ ስለ ባጃጅና ስለ ሞተር ጀልባ የጥላ ሸራ ጥገና



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ ትንሽ ሊመስል ይችላል። የምናገረው በሞተር በሚሄዱ አነስተኛ መጓጓዣዎች ላይ ስለሚወጠረው የጥላ ሸራ ነው፤ ጎብዬና ኮቦ በባጃጅ፣ ባሕር ዳር ደግሞ በጣና የሞተር ጀልባዎች ላይ ስለምናየው። ጎብዬ ሐይቅ የላትም። ይሁን እንጂ የባጃጁና የጀልባው ጥላ አሠራራቸው አንድ ነው፦ እንደ ቀስት የታጠፈ የብረት ቱቦ፣ በላዩ የተወጠረ ሸራ፣ ሸራውን የሚይዝ ስፌትና ማሰሪያ። ጎብዬ በ12 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ፣ ባሕር ዳርም ከ11 ዲግሪ ተኩል ጥቂት ከፍ ብላ ስለሚገኙ የሚያርፍባቸው ፀሐይም እምብዛም አይለያይም። ስለዚህ ስለ አንዱ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ለሌላውም ይሠራል።

ይህን ርእስ የመረጥሁት አንድ ጊዜ በመሳሳቴ ነው። ከወልድያ ወደ ኮቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በጎብዬ የአጎቴ ልጅ በባጃጅ ሥራ ይተዳደራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የባጃጁ ሸራ ከኋላ በኩል ተተርትሮ ደወለልኝ። «አንተ የተማርኸው ይህንኑ አይደል? ምን ዓይነት ልግዛ?» አለኝ። እኔም ዕቃውን ሳላይ፣ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ፣ ወፍራም ሸራ እንዲገዛ መከርሁት። ገንዘብ ተበድሮ ገዛ። ዓመት ሳይሞላው አዲሱ ሸራ በዚያው ቦታ ተቀደደ። በራያ ቆላ በቀትር ጥላ በሌለው ባጃጅ የሚሳፈር ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የሸራው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሥራ ቀናትም ከእጁ ወጡ፤ ዕዳው ግን ሥራ ቆመ ብሎ አልቆመም።

ለበዓል ወደ አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ ሁለቱንም ሸራዎች ይዘን መንገድ ዳር ጫማና ቦርሳ ወደሚጠግኑ አንድ አዛውንት ሄድን። አሮጌውን ሸራ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ስፌቱን ዳር እስከ ዳር ፋቁት፤ ክሩ እንደ ገለባ ተበጣጠሰ። ቀጥለው ጨርቁን በሁለት እጃቸው ይዘው በኃይል ሳቡት፤ ምንም አልሆነም። «አብሽር» አሉት የአጎቴን ልጅ፤ «ጨርቁ ገና ልጅ ነው፤ ያረጀው ክሩ ነው።»

«አዲሱስ፣ አባባ?» አልኋቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ወደ ባጃጁ ሄደው ብረቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ስፌቱ በሚያልፍበት ቅስት ላይ የብየዳ ጠባሳ ሾሎ ወጥቷል። አዲሱ ሸራ የተቀደደው ልክ እዚያ ላይ ነበር። እኔ ጨርቅ ለውጥ ብዬ መከርሁ እንጂ ጥፋቱ በመጀመሪያው ጊዜ የክሩ፣ በሁለተኛው ጊዜ የብረቱ ነበር።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። የጥላ ሸራ ሲቀደድ ጉዳቱ የሚታየው ጨርቁ ላይ ቢሆንም፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ክሩ፣ ብረቱ ወይም አወጣጠሩ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚለወጥ ሸራ ያንኑ ጉዳት እንደገና መግዛት ነው።

ክሩ ለምን ይቀድማል?

የኮቦ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ፣ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። የአልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይጠነክራል። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ በቀትር ልክ በአናት ላይ ትሆናለች። በነሐሴ ደመናው ይጋርዳታል፤ በሚያዝያ ግን ብዙ ጊዜ የሚጋርዳት የለም።

ይህ ጨረር በሰው ሠራሽ ቃጫ ውስጥ ያሉትን ረጃጅም ሞለኪውሎች ይቆራርጣል። ለዚህ ማስረጃ ወደ ቤተ ሙከራ መሄድ አያስፈልግም። ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ የማዳበሪያ ከረጢት ፀሐይ ላይ ከርሞ ሲነካ በእጅ ላይ እንደሚፈረፈር የራያ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ፖሊስተር ከዚህ እጅግ ይሻላል። ናይለን ሲገዛ ጠንካራ ቢሆንም ፀሐይን የመቋቋም ዐቅሙ ከፖሊስተር ያንሳል። ጥጥ ደግሞ ከፀሐዩ በላይ እርጥበትና ሻጋታ ያበሰብሰዋል።

የጨረሩ ጉዳት ከላይኛው ገጽ ይጀምራል። የባጃጅና የጀልባ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ በቀለም የተዋሐደ የፕላስቲክ ሽፋን ስላለው ውስጡ ያለው ድር ይጠበቃል። የስፌቱ ክር ግን ሽፋን የለውም። ከሸራው በላይ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ቀጭን ስለሆነ ጨረሩ እስከ ውስጡ ይደርሳል፤ በዚያ ላይ ሁለቱን ቁራጮች አገናኝቶ የሚይዘው ጭነት ሁሉ ያረፈው በእርሱ ላይ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ክሩ በየስፌቱ ሲበጠስ ግን ወፍራሙ ሸራ ራሱ የሚታሰርበት ያጣል።

ውሃና ነፋስ

ክሩን ቀድሞ የሚያዳክመው ፀሐይ ቢሆንም፣ የሚበጥሱት ብዙ ጊዜ ውሃና ነፋስ ናቸው። ሸራው ረግቦ በመካከሉ ጎድጓዳ ከሠራ፣ በ1 ካሬ ሜትር ላይ የተጠራቀመ 5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ 50 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ወጥቶ እንደ መቀመጥ ያህል ነው። ክብደቱ ሸራውን የበለጠ ያረግበዋል፤ የረገበው ደግሞ የበለጠ ውሃ ይይዛል።

የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሴኮንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ ወይም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባጃጅ፣ 4 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ሸራ ላይ እስከ 20 ኪሎ ግራም ክብደት የሚጠጋ ኃይል ሊያሳርፍ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን መንቀጥቀጡ ነው። በልክ የተወጠረ ሸራ ግፊቱን በሁሉም ጠርዞቹ ያካፍላል። የላላ ሸራ ግን በየቅጽበቱ ይመታል፤ ምቱም በአንድ ስፌት ወይም በአንድ ማሰሪያ ላይ ያርፋል።

ከመስፋት በፊት

አዛውንቱ በጥፍራቸው ያደረጉት ምርመራ ከሁሉም ይቀድማል። ፀሐይ በሚያየው በላይኛው በኩል ስፌቱን በጥፍር ፋቁት። ክሩ ዱቄት ከሆነ ወይም ከተበጠሰ፣ የተተረተረውን አንድ ክንድ ብቻ መስፋት አይበቃም፤ የቀረው ስፌት ዕድሜውም ያው ስለሆነ ሁሉም መሰፋት አለበት። ከዚያ ጨርቁን ከስፌቱ ርቃችሁ ሳቡት። ከተቀደደ ወይም ሽፋኑ እየተሰነጠቀ ከተላጠ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ መለወጥ ያለበት ሸራው ነው።

ቀጥሎ ሸራው ይውረድና ብረቱ በእጅ ይዳሰስ። የሾለ ብየዳ፣ የተነሣ ዝገት፣ ወደ ውጭ የወጣ ብሎን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከል፤ ፀረ ዝገት ይቀባ። በላዩ ነጭ ቀለም መቀባት ይጠቅማል። ፀሐይ ያጋለው ብረት የነካውን ፕላስቲክ በዚያው ቦታ ቀድሞ ያስረጀዋል፤ ነጭ ቀለም ግን ግለቱን ይቀንሳል። ሸራው ብረቱን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ የሸራ ቁራጭ ማድረግ ይገባል፤ ወደፊት የሚፈጋው ያ ቁራጭ ይሆናል።

አጠጋገኑ

ክሩ ጨርቁ ደኅና ሆኖ ካረጀ፣ የድሮውን ቀዳዳ ተከትሎ በወፍራም ፖሊስተር ክር መስፋት ይሻላል። በእጅና በወስፌ የሚሰፋ ሰው ይህን ከመኪና በተሻለ ሁኔታ ይሠራዋል። አዲስ መስመር የግድ ከሆነ በስፌት መካከል ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ርቀት ይኑር። አጥብቆ የሚሰፋ ሰው ያጠነከረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቀዳዳዎቹ ሲቀራረቡ ሸራው እንደ ቴምብር ጠርዝ በመስመሩ ላይ ይቀደዳል።

ጨርቁ ከተቀደደ መጣፊያው ከቅዳዱ ጫፍ በየአቅጣጫው ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ይለፍ፤ ማዕዘኖቹም ክብ ይሁኑ። በሾለ ማዕዘን ላይ ጭነት ስለሚከማች አዲሱ ቅዳድ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መጣፊያው ከሸራው ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን መልካም ነው፤ አንዱ የሚለጠጥ፣ ሌላው የማይለጠጥ ከሆነ ማሰሪያው ሲጠብቅ ሸራው ይሸበሸባል። ሁለት ቁራጭ ሲደራረብ የላይኛው ጠርዝ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ውሃው በሚወርድበት አቅጣጫ ይሁን።

ብዙዎች ቅዳድን በማስቲሽ ብቻ ይለጥፋሉ። ለጥቂት ሳምንታት ይይዛል። ይሁን እንጂ ፕላስቲኩን ለስላሳ የሚያደርገው ቅባት መሰል ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ ወጥቶ ማጣበቂያውን ያልመዋል፤ በቀትር ሙቀት ደግሞ ይላቀቃል። ስለዚህ ማጣበቂያው መጣፊያውን ለመያዝና ውሃ ለመከልከል ያገልግል፤ ጭነቱን ግን ስፌቱ ይሸከም።

ሐይቅ ላይ

ጣና ላይ ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። የመጀመሪያው እርጥበት ነው። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ ታንኳውን ከውሃ አውጥተው ያደርቁታል፤ ሳይደርቅ ከከረመ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ይበሰብሳልም። የሞተር ጀልባ ሸራም ይህንኑ ልማድ ይፈልጋል። እርጥብ ሸራ ከተጠቀለለ በእጥፋቱ ውስጥ ሻጋታ ይይዛል። ከጥጥ የተሠራ ሸራና ገመድ ደግሞ ሲርስ ስለሚኮማተር፣ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ማሰሪያውን ጥቂት ማላላት ያስፈልጋል፤ ካልላላ ቀለበቱን ከጠርዙ ይነቅለዋል።

ሁለተኛው የነፋሱ ሰዓት ነው። ሐይቁ በጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ተሳፋሪዎችን ወደ ዘጌ ገዳማት ያደረሰ ባለ ጀልባ ሲመለስ የሚገጥመው ይህ ነው። ሸራው በነፋስ ከተነቀለ ጥላ ማጣት ብቻ አይሆንም፤ የነጂውን ዓይን ሊጋርድ ወይም ጀልባውን ወደ ጎን ሊያዘነብል ይችላል። ከመነሣት በፊት እያንዳንዱን ማሰሪያ በእጅ ስቦ ማየት፣ ነፋሱ ከበረታም ሸራውን ጠቅልሎ ማሰር ከተሳፋሪዎች ደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው።

አያያዝ

አያያዙ ቀላል ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች በአጭሩ ተናግረውታል። የራያ አቧራ በድርና በማግ መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ይፋቃል፤ ስለዚህ ሸራው በመጀመሪያ በደረቁ ይራገፍ፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ። ቤንዚን ሽፋኑን ያደርቀዋል፤ በረኪናም ክሩን ሊያዳክም ይችላል። ሲቀመጥ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ላይ ከማጠፍ መጠቅለል ይሻላል። የጥፍሩ ምርመራ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደረግ፦ ከሚያዝያው ፀሐይ በፊትና ክረምቱ ከመግባቱ በፊት።

ወደ ጎብዬ ልመለስ። አዛውንቱ የመጀመሪያውን ሸራ እንደገና ሰፉት፤ እኔና የአጎቴ ልጅ ብየዳውን በሞረድ አስተካከልን። ያ ተጥሎ የነበረው አሮጌ ሸራ ዛሬም ባጃጁ ላይ ነው። እኔ ያስገዛሁት አዲሱ ተቆራርጦ መጣፊያ ሆኗል፤ ዕዳው ግን ተከፍሎ ያለቀው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። የአጎቴ ልጅ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ይህም ነገሩን አላቀለለልኝም።

ለእናንተ ለተማሪዎች የምለው ይህ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ቁስ ጥንካሬ ስንማር አዲስ ናሙና ወስደን እስኪበጠስ እንስባለን። ሕዝባችን ግን ወደ እኛ የሚመጣው የተበጠሰውን ይዞ ነው። ስለዚህ ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ለፈተና የማቀርበው ናሙና የተቀደደ ሸራ፣ የተሰበረ ቱቦና ያረጀ ማሰሪያ ይሆናል። የመጀመሪያው ጥያቄም «በምን ይለወጥ?» የሚል ሳይሆን «ከየት ጀመረ?» የሚል ነው።