ብልጭ ድርግም የሚል ካሜራ

የኅዳር ጠዋት ነው። ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ ባለ የቡና ማሳ ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ያገለገለ ካሜራ ይዞ ጎንበስ ብሏል። ከፊቱ ፍሬው የቀላ የቡና ቅርንጫፍ፣ ከበላዩ ዋንዛና ብሳና። የማንሻውን ቁልፍ በከፊል ጫን ሲያደርገው 5.6 የሚል ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። ለቀቀው። ደግሞ ጫነው፤ ደግሞ ብልጭ ድርግም። ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ሸውደውኛል መሰለኝ። ይሄ ካሜራ ብልሽት አለበት» አለኝ።

ብልሽት አልነበረበትም። እውነቱን ነበር የሚነግረው፤ ችግሩ ቋንቋውን ያስተማረው ሰው አለመኖሩ ነው። ያገለገለ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ያለ መመሪያ መጽሐፉ ነው የሚሸጠው። መጽሐፉ ቢኖርም ማን ያነበዋል? ስለዚህ ጀማሪው ብልጭ ድርግም ያለ ነገር ባየ ቁጥር ደንግጦ መዘውሩን ወደ «አውቶ» ያዞረዋል። አውቶው ደግሞ ጫካ ውስጥ ፍላሹን ብድግ ያደርግና ከፊት ያለውን ቅጠል ኖራ አስመስሎ፣ ከኋላ ያለውን ደን ሌሊት አድርጎ ያወጣለታል።

ይህ አገር ለጀማሪ ፎቶ አንሺ አይመችም። በቤንች ሸኮና በሸካ ብዙው ቡና የሚበቅለው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ሸካ ጥቅጥቅ ባለ ደኑ የታወቀ ነው፤ በ2004 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ጠዋት ጉም ነው፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ በቅጠሎች መሐል እንደ ሳንቲም መሬት ላይ ትበተናለች፣ ከሰዓት ዝናቡ ይመጣል። ዓይናችን ከብርሃን ወደ ጥላ ሲሻገር ራሱን ቶሎ ስለሚያስተካክል ልዩነቱን አናስተውለውም እንጂ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በፊልም ዘመን ከፊልሙ ካርቶን ጋር የፀሐይና የደመና ሥዕል ያለበት ሠንጠረዥ ይመጣ ነበር። በዚያ ስሌት ጠራራ ፀሐይ ላይ የሌንሱ ቀዳዳ 16 ከሆነ፣ ሰማይ በሚታይበት ጥላ ውስጥ 4 ይሆናል። ይህ ማለት የጥላው ብርሃን ከፀሐዩ በ16 እጥፍ ያንሳል ማለት ነው። የቡናው ጫካ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

እዚህ ላይ ጀማሪን ሁሉ የሚያምታታ ነገር አለ። የቀዳዳው ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። እንጀራ ብላችሁ አስቡት፦ ለአራት የተቆረሰ ቁራሽ ለአሥራ ስድስት ከተቆረሰው ይበልጣል። 4 ሰፊ፣ 16 ጠባብ።

ከሌንሱ በስተኋላ ሴንሰሩ አለ። ሴንሰሩን ረከቦት ላይ እንደተደረደረ ሲኒ እዩት። ብርሃኑ ከጀበና እንደሚቀዳ ቡና ይፈሳል፤ ሲኒዎቹ የተቀበሉትን ያህል ይይዛሉ። ካኖን 4000ዲ የሚባለው የጀማሪ ካሜራ 18 ሚሊዮን ሲኒ አለው። ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ኮዳክ ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ የነበረው 10 ሺህ ብቻ ነው፤ አንዷን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ሲኒው ከሞላ በኋላ ብትጨምሩበት ይፈሳል። ምን ያህል እንደፈሰሰ ግን ሲኒውን አይቶ የሚናገር የለም። ነጭ ነጠላ ላይ ያለው እጥፋትና ስፌት የሚጠፋው እንዲህ ነው፤ ሲኒዎቹ ሁሉ እኩል ጢም ብለው ሞልተዋል፤ ልዩነት የሚባል ነገር የለም። ተቃራኒውም አለ፤ ጠብታ ብቻ የገባበት ሲኒ። እዚያ ጨለማው ውስጥ ጥቂት ነገር ይተርፋል፤ በኋላ በኮምፒዩተር ሲያነሱት አሸዋ አሸዋ እያለ ይወጣል እንጂ ይወጣል።

የድሮ ፎቶ ቤቶች ከዚህ ተቃራኒውን ነበር የለመዱት። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል፣ ሲያንሰው ግን ባዶ ይወጣል። ስለዚህ ለጥላው ታስቦ ይነሣ ነበር። በዲጂታል የሚታሰበው ለነጩ ነው። «ተቃጠለ» የሚለው ቃላችን ግን ከዚያው ከፊልሙ የወረስነው ይመስለኛል፤ ፊልሙ ሳይጠቀለል ካሜራው የተከፈተበት ሰው ፊልሙ «ተቃጠለ» ይባልለት ነበር። ዛሬም ብርሃን የበዛበትን ፎቶ ተቃጠለ እንላለን፤ ቃሉ አሁንም ልክ ነው፤ የተቃጠለ አይመለስም።

እንግዲህ ወደ ብልጭታው። ካሜራው የሚያስጠነቅቀው በአንድ አፍ አይደለም። አንዳንዴ «አልችልም» ይላል፤ አንዳንዴ «ይመስለኛል» ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ «ጠፍቷል» ይላል። ሦስቱን አንድ አድርጎ የሰማ ሰው በከንቱ ይደነግጣል፤ ወይም መደንገጥ ባለበት ጊዜ ዝም ይላል።

የተማሪያችን ካሜራ ሲል የነበረው «አልችልም» ነው። መዘውሩ ፍጥነቱን ሰውየው፣ ቀዳዳውን ካሜራው የሚመርጥበት ላይ ነበር፤ ካኖን ላይ «ቲቪ»፣ ኒኮን ላይ «ኤስ» የሚባለው። ፍጥነቱን የሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ አድርጎታል። ካሜራው ቀዳዳውን ከፈተ፣ ከፈተ፣ ሌንሱ ተስቦ ከቆመበት የመጨረሻው ስፋት 5.6 ላይ ደረሰ፤ አሁንም ብርሃኑ አልበቃም። «እኔ እስከዚህ ነኝ፣ ፎቶው ይጨልማል፣ የቀረውን አንተ አድርግ» ማለቱ ነው። ቀዳዳውን እናንተ በምትመርጡበት መዘውር ላይ ደግሞ የሚርገበገበው ፍጥነቱ ነው። ካኖን 4000ዲ ላይ 4000 ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ በዝቷል፤ 30 ከሁለት ጭረት ጋር ብልጭ ድርግም ካለ 30 ሰከንድ እንኳ አይበቃም ማለት ነው። የኒኮን የጀማሪ ካሜራዎች ደግሞ የሚነሣው ነገር በጣም ጨልሟል ወይም በጣም ደምቋል ብለው በጽሑፍ ይነግራሉ። ማስጠንቀቂያው ካሜራውን እንዳያነሣ አያግደውም፤ ብትጫኑት ያነሣል፤ የሚያወጣውን ግን አስቀድሞ ነግሯችኋል።

ልጁ ፍጥነቱን ወደ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ አወረደ፤ አራት እጥፍ ብርሃን አገኘ። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከ100 ወደ 400 ከፍ አደረገ፤ ሌላ አራት እጥፍ። አራት ጊዜ አራት 16 ነው። 5.6 መርገብገቡን ተወ። ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ነፋሱ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው እንግዲህ።

«ይመስለኛል» የሚለው ከታች ያለችው መለኪያ ናት። መሐል ላይ ዜሮ፣ በግራና በቀኝ የመቀነስና የመደመር ምልክት፣ በመሐል የምትሮጥ ጭረት። ሁሉም ጀማሪ ጭረቷን ዜሮ ላይ ማስቀመጥ ግዴታ ይመስለዋል። አይደለም። መለኪያው የሚያየው ነጠላ ይሁን ጀበና አያውቅም። ዓለም ሁሉ ሲደባለቅ አመድማ ነው፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ገደማ ይመልሳል ብሎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ሌንሱን ከሞሉት ነጠላው አመድማ ሆኖ ይወጣል፣ ፊታቸው ደግሞ ይጨልማል። የተቆላ ቡና በምጣድ ሞልታችሁ ብታነሱት በተቃራኒው ጥቁሩን ወደ አመድማ ሊስበው ይሞክራል፤ ቡናው የነጣ፣ ያረጀ ይመስላል። ለነጩ ወደ መደመር አንድ ስቶፕ፣ ለጥቁሩ ወደ መቀነስ አንድ ስቶፕ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ የተሠራችው ለዚህ ነው። በእኔ ዓይን ከካሜራው ቁልፎች ሁሉ ከማንሻው ቀጥላ የምትከበር እሷ ናት፤ የጀማሪ ጣት ግን ሲነካት ብዙም አላይም።

ደግሞ «ልክ» የሚባለው ነገር ማን ያወጣው እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ «ሸርሊ» ይባል ነበር፤ ለረጅም ዓመታት ካርዱ ላይ የነበሩት ሴቶች ነጮች ናቸው። ማተሚያው የሚስተካከለው በእነሱ ቆዳ ነበር። የፊልሙ ቡናማ ቀለም መሻሻል የጀመረው የቸኮሌትና የቤት ዕቃ አምራቾች ሸቀጣችን በትክክል አይወጣም ብለው ካማረሩ በኋላ እንደሆነ ይነገራል። የዛሬው ሴንሰር ከዚያ በብዙ ይሻላል። ይሁን እንጂ የጠይም ሰው ፊትና ነጭ ነጠላ አንድ ላይ ሲገጥሙት ፊቱን መርጦ የሚያነሣው እናንተ እንጂ መለኪያው አይደለም።

ሦስተኛው፣ «ጠፍቷል» የሚለው፣ የሚመጣው ፎቶው ከተነሣ በኋላ ነው። የተነሣውን ስታዩ ሲኒው የሞላበት ስፍራ ሁሉ ጥቁርና ነጭ እያለ ይርገበገባል። ይሄኛው ሊሆን ነው ብሎ አይገምትም፤ የሆነውን ነው የሚናገረው። እርግጥ የሚቆጥረው ለጄፔግ በተዘጋጀው ምስል ላይ ስለሆነ፣ በ«ሮው»፣ ማለትም ሴንሰሩ የያዘውን ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ፋይል፣ ለሚያነሣ ሰው ጥቂት መጠባበቂያ ይተርፋል። መጠባበቂያ ግን ጥቂት ነው።

አንድ ቀን ቡና ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ሆነው ጀንፈል የሚያገላብጡ እናት አነሣሁ። ቀትር ነበር። ፎቶውን ሳየው ነጠላቸው ከትከሻ እስከ ጥለቱ ድረስ ይርገበገባል፤ ከኋላ በዛፎቹ መሐል የሚታየው ሰማይም ይርገበገባል። ለሰማዩ ግድ የለኝም፤ ከቅጠል መሐል የሚታይ ሰማይ ይንጣ። የጥለቱ መጥፋት ግን አሳዘነኝ፤ እሳቸው የለበሱት ሊታይላቸው ነው። ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ቀነስኩ፤ ነጠላው ዳነ፣ ፊታቸው ግን ጠቆረ። ያን ጊዜ መፍትሔው ካሜራው ውስጥ አልነበረም። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ወደ መጋዘኑ በረንዳ ጠጋ ይበሉልኝ» አልኳቸው። «እዚያ ጨለማ አይደል ወይ ልጄ?» አሉኝ። ለካሜራው ግን ጨለማ አልነበረም፤ እኩል የሆነ ብርሃን ነበር።

ከብልጭታው ጎን ሂስቶግራም የምትባል ተራራ መሳይ ሥዕል አለች። ግራዋ ጥቁር፣ ቀኟ ነጭ፤ ከ0 እስከ 255። ተራራው ቀኝ ግድግዳውን ከተደገፈ ነጩ ተቃጥሏል፣ ግራውን ከተደገፈ ጥቁሩ ተቀብሯል። ተራራው መሐል መሆን አለበት የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው። የምሽት ቡና ሥነ ሥርዓት ተራራው ግራ ነው፤ የማለዳ ጉም ተራራው ወደ ቀኝ ነው። እንዲያ ነው መሆን ያለበት።

የቡና አገር ሰው ግን ከሌላው በላይ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ፤ እኔም የተማርኩት ብዙ ቀይ ቡና ካበላሸሁ በኋላ ነው። ካሜራው ቀለም የሚያየው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ከፋፍሎ ነው። ጠቅላላ ድምቀትን የምታሳየው ሂስቶግራም ሦስቱን ደባልቃ ነው የምታሳየው። ፀሐይ ያረፈበት እሸት ቡና ግን ቀዩን ሲኒ ብቻውን ይሞላዋል፤ አረንጓዴውና ሰማያዊው ባዶ ስለሚሆኑ በድምሩ የበዛ ነገር ያለ አይመስልም። በዚህ ምክንያት ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ሊቀር ይችላል፤ ፍሬው ግን ክብነቱም ወዙም ጠፍቶ ቀይ ወረቀት የተለጠፈ መስሎ ይወጣል። ቴፒ ላይ የሚሰጣ እርድም በቢጫው በኩል እንዲሁ ያታልላል። ስለዚህ ሂስቶግራሟን ሦስቱን ቀለም ለየብቻ ወደምታሳየው ቀይሯት፤ ካኖንም ኒኮንም በጀማሪ ካሜራዎቻቸው ላይ አስገብተዋታል። የቀዩ ተራራ ቀኙን ግድግዳ ከነካ ግማሽ ወይም አንድ ስቶፕ ቀንሱና ድገሙት። ቅጠሉ ትንሽ ይጠቁራል፤ ይጥቆር። ሰው የሚያየው ፍሬውን ነው።

ልጁ በዚያ ጠዋት ከመቶ በላይ ፎቶ አነሣ። ማታ አብረን ስናያቸው የወደድኩት ካሜራው እስከ መጨረሻው ጨለመ ጨለመ እያለ የተከራከረበትን ነው፦ ጥቁር ደን፣ በመሐሉ አንዲት የፀሐይ ጨረር ያገኘቻት ለቃሚ እጅና ሦስት ፍሬ።

ኒኮን ለያዛችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከተነሣ በኋላ የሚመጣው ብልጭታ ካሜራው ከፋብሪካ ሲወጣ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። የተነሣውን ፎቶ ማሳያ ምርጫዎች ውስጥ ግቡና ምልክት አድርጉበት። ካኖን የያዛችሁ ፎቶውን እያያችሁ የ«ዲስፕ»ን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ሂስቶግራሟ ስትመጣ ብልጭታውም አብሮ ይመጣል።