ፀረ-ፈንገስ መድኃኒትና ያልበሰበሰው ቅጠል

ከመኸር በኋላ በማሳ ላይ የሚቀረው ገለባ ወዴት ይሄዳል? በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች አፍርሰው፣ የያዘውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለአፈሩ ይመልሱታል። በተለይም ለአገዳና ለእንጨት ጥንካሬ የሚሰጠውን ሊግኒን በማፍረስ ረገድ ፈንገሶችን የሚተካከል የለም።

ይሁን እንጂ ዋግን የመሳሰሉ የሰብል በሽታዎችን የሚያመጡትም ፈንገሶች ናቸው። ለስንዴ ዋግ የሚረጨው ፕሮፒኮናዞል፣ ፈንገሶች ለሕዋሳቸው ስስ ሽፋን የሚያስፈልጋቸውን ኤርጎስቴሮል እንዳይሠሩ ያግዳል። ኤርጎስቴሮል ግን በጎጂውም በጠቃሚውም ፈንገስ ውስጥ ስለሚገኝ፣ አፈር የደረሰው መድኃኒት ጠላትን ከወዳጅ አይለይም። የሞቱትን ፈንገሶች የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ለጊዜው ሊበዙ ቢችሉም፣ ጠንካራውን ቅሪት የማፍረሱ ሥራ ሊዘገይ ይችላል።

የመዳብ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1885 ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ፒየር ሚላርዴ፣ የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ የወይን ተክልን ከበሽታ እንደሚከላከል አስታወቀ። መዳብ ንጥረ ነገር በመሆኑ ፈራርሶ አይጠፋም፤ በላይኛው የአፈር ንጣፍ ከዓመት ወደ ዓመት ይከማቻል። ለረጅም ዘመን መዳብ በተረጨባቸው አንዳንድ የእንግሊዝ የአፕል እርሻዎች፣ ቅጠል ወደ አፈር የሚስቡት የምድር ትሎች ጠፍተው፣ ያልበሰበሰ ቅጠል መሬቱን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖት ተገኝቷል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ መጠኑን በሰባት ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ።

ዋግ ሙሉ ማሳ ሊያጠፋ ስለሚችል የመድኃኒቱ ጥቅም አይካድም። ነገር ግን በሽታ የሚቋቋም ዝርያ መዝራት፣ ሰብል ማፈራረቅና በተመከረው መጠን ብቻ መርጨት፣ የዘንድሮውን ምርት ከማዳን አልፎ የከርሞውን አፈር ይጠብቃል።