የአዳማ ነፋስና ከፍ ያለው የብስክሌት መሪ

አዳማን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል። ከከተማዋ ዳር ባሉት ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አላቸው። ለተርባይኑ ሲሳይ የሆነው ነፋስ ለብስክሌተኛው ፈተና ነው። ስለዚህ ከውድድር ብስክሌት ላይ ወደ ታች የታጠፈውን መሪ አውልቆ፣ እንደ ተራራ ብስክሌት ከመሐሉ ወደ ላይ የሚነሣ ሰፊ መሪ መግጠም እዚህ ከመልክ ያለፈ ጉዳይ ነው።

መሪው ከፍ ሲል ጀርባ ይቀናል፤ ጀርባ ሲቀና ደረት ለነፋስ ይጋለጣል። ሜዳ ላይ ፈጠን ብሎ የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጉልበቱን የሚጨርሰው ከአየር ጋር ሲታገል ነው፤ አየሩን በብዛት የሚገፋውም ብስክሌቱ ሳይሆን የራሱ አካል ነው። ነፋስ በሌለበት ፍጥነቱን እጥፍ ማድረግ የፈለገ፣ አየሩን ለማሸነፍ ብቻ ስምንት እጥፍ ኃይል ያስፈልገዋል። ተርባይኑም ለዚሁ ሕግ ይገዛል፤ ነፋሱ እጥፍ ሲፈጥን የሚሸከመው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ይህ ትንሽ ያግዛል፤ ነፋሱ ግን ያገዘውን መልሶ ይወስዳል።

በቁጥር እንየው። ከሞጆ ወደ መቂና ባቱ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ አንድ ሰው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየነዳ ነው እንበል። በታጠፈው መሪ ጎንበስ ሲል አየሩን የሚገፋበት ስፋት፣ የአካሉ ቅርጽም ታስቦ፣ 0.35 ካሬ ሜትር፤ በከፍተኛው መሪ ቀና ሲል ደግሞ 0.5 ካሬ ሜትር ይሁን። ነፋስ ከሌለ ቀና ማለቱ የሚጠይቀው ተጨማሪ ኃይል 25 ዋት ገደማ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣበት ግን ልዩነቱ ወደ 64 ዋት ያድጋል። ይህ ባቱ ሳይደርሱ እግር ያዝላል። ረጅም መንገድ የሚያዘወትር ሰው የታጠፈውን መሪ እንዲያወልቅ አልመክርም። በ2016 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይም የነዳው በታጠፈ መሪ ነው።

ለከተማ ግን ለከፍተኛው መሪ አደላለሁ። ባጃጅ ድንገት በሚታጠፍበት የአዳማ ወይም የሻሸመኔ ጎዳና ላይ ቀና ብሎ አርቆ ማየት ሕይወት ያድናል። ስፋቱም ይረዳል፤ 42 ሴንቲ ሜትር የነበረው መሪ 70 ሲሆን ያው የእጅ ጉልበት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል፤ የጎን ነፋስ ድንገት ሲገፋ ብስክሌቱን ማረቅ ይቀላል። በተለይ ለክብ ሜዳ ውድድር የተሠራው ብስክሌት በትንሽ ንክኪ ስለሚዞር ሰፊ መሪ ያረጋጋዋል።

ሆኖም የውድድር ብስክሌት አካል የተለካው እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ እንዲይዝ ታስቦ ነው። አዲሱ መሪ እጅን በበርካታ ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ስለሚያመጣ ክብደት ወደ ኋላ ጎማ ይሸሻል፤ የፊቱ ይቀልላል። መሪውን የሚይዘውን አንገት በረዘመ መለወጥ ይህን ያስተካክላል። እጅ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ብቻ መሆኑም ረጅም ጉዞ ላይ የመዳፍን ነርቭ ሊጫንና ጣት ሊያደነዝዝ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው። የታጠፈው መሪ እጀታ ውፍረት 23.8 ሚሊ ሜትር፣ የከፍተኛው 22.2 ስለሆነ የድሮው የፍሬን መያዣ በትክክል አይገጥምም። በሽቦ የሚሠራው አብዛኛው የተራራ ብስክሌት መያዣ ደግሞ ረጃጅም ክንድ ላለው ፍሬን የተሠራ ነው፤ ሽቦውን የሚስበው በእጥፍ ገደማ ነው። ጎማውን ከላይ በሚቆነጥጠው የውድድር ብስክሌት ፍሬን ላይ ሲታሰር ሲጨብጡት ጠንካራ ይመስላል፤ ብስክሌቱን የሚያቆመው ግን በደካማው ነው፤ ብዙ ሽቦ የሚስብ መያዣ በዚያው ልክ ኃይል ይቀንሳልና። ጥንካሬው ስለሚያታልል አደጋው የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። መያዣው ሽቦውን አጭር የሚስበው ዓይነት መሆኑን ሳያረጋግጡ መሪውን መለወጥ አይገባም።